መርዶውን ለዘበኛ አትተዉብን

ግልጽ ደብዳቤ፦ ጎጃም ውስጥ የአረጋውያን መጦሪያ ለምታስተዳድሩ፣ እንዲሁም ለነሱ ፈቃድ ለምትሰጡና ለምትቆጣጠሩ የማህበራዊ ጉዳይና የጤና መሥሪያ ቤቶች በሙሉ

እንደምን ከረማችሁ። ባለፈው ወር የጎረቤቴ እናት ያሉበት መጦሪያ በር ላይ ወረቀት ተለጠፈ፣ «ላልተወሰነ ጊዜ ጠያቂ አንቀበልም» ይላል፣ ማህተም አለው ፊርማ አለው ምክንያት ግን የለውም። ጎረቤቴ ሦስት ቀን ሙሉ ደወለች። አንዱ «ኃላፊው ስብሰባ ናቸው» ይላታል፣ ሌላው ያነሳና መልሶ ይዘጋዋል፣ በአራተኛው ቀን ግቢው ውስጥ አተት (አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት) እንደገባ የሰማችው ውሃ በጋሪ ከሚያመላልስ ልጅ ነው። እናትየው ደግነቱ ደህና ናቸው። እኔ ግን ያቺን ወረቀት ሳያት ከ2012 ጀምሮ ሆዴ ውስጥ የያዝኩት ነገር ተነሳብኝና በቃ ልጻፈው አልኩ። በደብዳቤ መልክ መዝገብ ቤት ባስገባውማ «ለሚመለከተው ይመራ» እየተባለ ሲመራ ሲመራ ክረምቱ ያልፋል።

የኔ ነገር እንዲህ ነው። ያሳደገችኝ አክስቴ ናት፣ ልጅ አልወለደችም፣ ጠላ እየሸጠች እኔን እስከ 12ኛ ክፍል አስተማረችኝ። ወድቃ ዳሌዋ ሲሰበር እኔ ባህር ዳር አንዲት ክፍል ቤት ተከራይቼ በፈረቃ ነበር የምሠራው፣ ሌሊት ስወጣ ማን ያገላብጣት፣ ማን ውሃ ያቀብላት? እሷም «ባህር ዳር ሙቀቱን አልችለውም፣ ካገሬ አታውጣኝ» አለች። ስለዚህ ምሥራቅ ጎጃም አንዲት ከተማ ውስጥ ያለ መጦሪያ ገባች (ስሙን አልጠራም፣ ዛሬ ያሉት ሠራተኞች ሌሎች ናቸው፣ የኔም ዓላማ እሱ አይደለም)። ለመግባት ከቀበሌ ደብዳቤ ተጠየቅን፣ ደብዳቤው ላይ ምን ይላል፣ «ጧሪ ቀባሪ የሌላቸው መሆኑን እናረጋግጣለን»። እኔ እኮ ሲጻፍ እዚያው ቆሜያለሁ! ጸሐፊዋ ቀና ብላ አየችኝ፣ እኔ መሬት መሬት አየሁ፣ ማህተሙ ተመታ።

ይህንን ያነሳሁት ራሴን ለመውቀስ ብቻ አይደለም፣ የችግሩ ሥር እዚህ ጋ ስላለ ነው። እኛ አገር ሽማግሌን መጦሪያ ማስገባት ነውር ነው፣ «አሳድጋው ሜዳ ጣላት» ትባላለህ። ስለዚህ ዘመድ ያለው ሰው ሳይቀር ዘመድ እንደሌለው ሆኖ ይገባል፣ ፋይሉ ላይ የሚጻፍ ስልክ የለም፣ ክፉ ቀን ሲመጣ የሚደወልለት ሰው የለም። መጦሪያው «ሰው የላቸውም» ይላል፣ እኛም አፍረን ደፍረን አንጠይቅም፣ መሀል ላይ የሚቀሩት አረጋውያኑ ናቸው።

መጋቢት 4 ቀን 2012 ኮሮና ኢትዮጵያ ገባ ተባለ። መጋቢት 22 ደግሞ ባህር ዳር፣ እንጅባራ፣ አዲስ ቅዳምና ቲሊሊ ለ14 ቀን ተዘጉ፣ ካርታውን የሚያውቅ ያውቀዋል፣ ሦስቱ ከባህር ዳር ወደ ማርቆስ የምንሄድበት አስፋልት ላይ ያሉ ከተሞች ናቸው። መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፣ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ቀረ። ይሄን ሁሉ አልቃወምም፣ መጦሪያውም በሩን መዝጋቱን አልቃወምም፣ ሽማግሌ ላይ እንደሚከፋ ሁሉም ያውቅ ነበር። የምቃወመው በሩ ሲዘጋ አፍም አብሮ መዘጋቱን ነው።

ደወልኩ። ያኔ ስልክ ስትደውሉ ከጥሪው በፊት የሚመጣውን የኮሮና መልእክት ታስታውሳላችሁ አይደል፣ እጃችሁን ታጠቡ ርቀታችሁን ጠብቁ የሚለውን። እኔ ያንን መልእክት በቃሌ ያጠናሁት የመጦሪያውን ስልክ ስቀጠቅጥ ነው። ስትታጠብ ስትታጠብ ትቆይና ማንም አያነሳም። አንድ ቀን ተነሳ፣ አንዲት ልጅ «ደህና ናቸው፣ ሁሉም ደህና ናቸው» ብላኝ ዘጋች፣ የማንን እንደምጠይቅ እንኳ ስም አልጠራሁም ነበር እኮ። በየማታው የያኔዋ የጤና ሚኒስትር ዶክተር ሊያ የ24 ሰዓቱን ሪፖርት ታወጣ ነበር፣ ስንት ሰው ተመረመረ፣ ስንት ተያዘ፣ ስንት አገገመ፣ በዕድሜ በጾታ በክልል። የመቶ ሚሊዮን ሕዝብ ቁጥር በየማታው እጄ ላይ ይገባል፣ አንዲት አክስቴ ግን በልታ ትደር ጾሟን ትደር አላውቅም።

ከዚያ አንድ ቀን ፌስቡክ ስከፍት ምን ባይ ጥሩ ነው፣ ያው መጦሪያ! ለጋሾች ዘይትና ዱቄት ሳሙና ይዘው ገብተዋል፣ ማዕድ ማጋራት የሚባልበት ሰሞን ነው፣ ማስክ አድርገው በሰልፍ ቆመዋል፣ ከኋላቸው ጥግ ላይ ብርድ ልብስ ለብሳ የተቀመጠችው አክስቴ ናት። አጎላሁት። ፊቷ ከስቷል፣ ቆማ በምርኩዝ ትሄድ የነበረችው ዊልቸር ላይ ናት። ለኔ ዝግ የሆነ በር ለፎቶ ክፍት ነበር ማለት ነው፣ እሺ ይሁን፣ ዘይቱም ያስፈልጋቸዋል። ግን አክስቴ መራመድ ማቆሟን የነገረኝ የሰው ፎቶ ጀርባ ነው። እስካሁን ሴቭ አድርጌዋለሁ።

ዋናው ግን ይሄ አይደለም። ዋናው የአብሮ አዳሪዋ ነገር ነው። አክስቴ ክፍል ውስጥ አልጋቸው የተያያዘ አንዲት እናት ነበሩ፣ ከዓባይ በረሃ አፋፍ ከደጀን ወዲያ የመጡ። ክረምት ላይ አስሏቸው አስሏቸው አንድ ሌሊት ተወሰዱ፣ አልተመለሱም። ጠዋት አልጋው ሲጠቀለል አክስቴ ብትጠይቅ «ልጃቸው መጥቶ ወሰዳቸው» አሏት። አክስቴ እንዲህ ስትል ነገረችኝ፣ «አንተ ልጅ፣ ልጇኮ ሞቶ ነው እዚህ የገባችው፣ እኔና እሷ ስንት ሌሊት አብረን አልቅሰንለታል፣ የሞተ ልጅ ይመጣል?» ከዚያ ቀን ጀምሮ አክስቴ የሚነግሯትን ምንም አታምንም። መድኃኒት ሲሰጧት አታምንም። «እሱ እኮ በሽታ ስላለ ነው የማይመጣው» ሲሏትም አላመነችም፣ ረስቶኛል ብላ ደምድማ ነበር። አንዴ የዋሸ አፍ እውነቱን ቢናገርም ያው ነው፣ ይሄ መድኃኒት አለመዋጥንም ያመጣል፣ የጤና ባለሙያ የሆናችሁ እዚህ ላይ አስቡበት።

የኚያ እናት ወንድም ደግሞ ነበሩ፣ አያ እያልን የምንጠራቸው፣ ስልክ የላቸውም። መንገድ ሲላላ አንድ ቅዳሜ ገበያ ውለው በአገልግል እንጀራ በቅል ቅቤ ይዘው መጡ። በሩን የከፈተው ዘበኛ ነው። «አያ፣ እሳቸውኮ አረፉ፣ ይሄው አሥራ አንድ ቀናቸው፣ አልሰሙም እንዴ?»

አሥራ አንድ ቀን! ፍትሐቱ በማን ተፈታ፣ ሰልስቱ የት ወጣ፣ የነፍስ አባታቸው ያውቃሉ ወይ? ሽማግሌው አገልግሉን እንደያዙ በሩ ላይ ቆመው ቀሩ አሉ። ዘበኛውንም አልፈርድበትም፣ ልጅ ነው፣ ማንም ምን እንዲል አልነገረውም፣ በኋላ እሱም አብሯቸው ሲያለቅስ ነበር አሉኝ።

ጎበዝ፣ መርዶ እኛ ጋ ሥርዓት አለው እኮ። እናንተም እኔም የዚያው አገር ልጆች ነን። መርዶ በር ላይ አይነገርም፣ በስልክም አይነገርም። ዘመድ ማታውን ይጠራራል፣ አንደበተ ርቱዕ የሆነ ሽማግሌ ይመረጣል፣ ሲነጋጋ ወፍ ሲንጫጫ ይኬዳል፣ ባለመርዶው የልብ ሕመም እንዳለበት ይጠየቃል፣ የሚደግፈው ሰው አጠገቡ እንዲሆን ይደረጋል፣ ነፍሰ ጡር ካለች እሷ ለብቻ ትያዛለች። ይሄንን ያህል የተጠበበ ሕዝብ ነን። ታዲያ ይሄው ባህላችን ነው መልሶ የጎዳን፣ ምክንያቱም መጥፎ ዜና መደበቅ እንደ ደግነት ስለሚቆጠር ነው። «እንዳይደነግጡ ብለን ነው» አለችኝ በኋላ የመጦሪያው ኃላፊ፣ እውነቷን ነው፣ ክፋት አልነበረባትም። ግን መርዶን የሚያቆዩ ሰዎች የሚያቆዩት ሊናገሩት ነው፣ ሰው እስኪሰበሰብ ነው፣ አንድ ሌሊት ቢበዛ ሁለት ሦስት ቀን። ቀጠሮ የሌለው ዝምታ መርዶ ማቆየት አይባልም፣ መርሳት ነው።

ስለ ሠራተኞቹ አንድ ነገር ልበል፣ እንዳይቀየሙኝ። ለሰላሳ ምናምን አረጋዊ ሁለት ተንከባካቢ፣ አንዷ ሌሊት አንዷ ቀን፣ ማጠብ ማጉረስ ማገላበጥ። ያኔ ደግሞ የጤና ሠራተኛ መሆናቸው ሲታወቅ ከተከራዩበት ቤት ውጡ የተባሉ ነበሩ፣ ስለዚህ «እኛ ጋ በሽታ አለ» ብሎ መናገር ለነሱ ቤት ማጣት ነው፣ ለመጦሪያው ደግሞ ለጋሽ ማጣት። ፍርሃቱ ይገባኛል። ግን ደግሞ እንዲህም አለ፦ እኛ ዘመዶቹ ውጭ ቀረን እንጂ ሠራተኛው ማታ ቤቱ ገብቶ ጠዋት ይመለሳል፣ ምልክት ሳያሳይ የሚያስተላልፍ በሽታ ነው፣ የገባ ከሆነ በነሱ በኩል ነው የሚገባው። ይሄንን በወቅቱ ነግረውን ቢሆን እኛ ዘመዶች አዋጥተን ለሁለቱ ልጆች እዚያው ግቢ ማደሪያ እንሠራላቸው ነበር፣ ፍራሽ መግዛት አቅቶን ነው? ማን ጠየቀን።

የአጎቴ ልጅ አሜሪካ ነርሲንግ ሆም ውስጥ ነው የምትሠራው፣ እዚያ ያሉ ሐበሾች ብዙዎቹ እዚህ ሥራ ላይ ናቸው። እነሱ ጋም አልቅሰዋል። በፈረንጆቹ 2020 መጀመሪያ ዋሽንግተን ግዛት ኪርክላንድ የምትባል ከተማ አንድ መጦሪያ ውስጥ በሽታው ገብቶ ልጆች እናታቸውን በመስኮት መስታወት ነበር የሚያዩት። ካናዳ በመጀመሪያው ዙር በኮሮና ከሞቱት አሥር ሰዎች ስምንቱ ያህል የመጦሪያ ነዋሪዎች ነበሩ፣ ኩቤክ ውስጥ ዶርቫል ያለ አንድ መጦሪያ ሠራተኛው ጥሎ ሸሽቶ በጥቂት ሳምንት 31 ሰው መሞቱ የተሰማው ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው። ሀብታም አገር መሆን ብቻውን አላዳናቸውም ማለቴ ነው። ግን አሜሪካኖቹ በዚያው በ2020 ግንቦት ላይ አንድ መመሪያ አወጡ፣ እሷ ስትነግረኝ ጽፌ ያዝኩት፦ አንድ ነዋሪ ወይም ሠራተኛ እንኳ በምርመራ ከተገኘበት፣ ወይም በ72 ሰዓት ውስጥ ሦስትና ከዚያ በላይ ሰው አዲስ የመተንፈሻ ሕመም ምልክት ካሳየ፣ በማግስቱ እስከ አመሻሽ 11 ሰዓት ድረስ ለነዋሪዎቹም ለቤተሰቦቻቸውም መነገር ነበረበት፣ ከዚያ በኋላም ቢያንስ በየሳምንቱ። የታማሚው ስም ሳይጠራ። «የሰው ምስጢር ነው» እያላችሁ የምታመካኙት ነገር እዚህ ላይ መልስ አለው፣ እኔ ማን እንደታመመ አልጠየቅኩም፣ በሽታ ገብቷል ወይስ አልገባም ነው ያልኩት።

ሆላንዶች ደግሞ ትንሽ ቆይተው በ26 መጦሪያዎች ሙከራ አደረጉ፣ ለእያንዳንዱ ሽማግሌ አንድ ቋሚ ጠያቂ በጥንቃቄ እንዲገባ ፈቀዱ፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በዚህ ምክንያት የተነሳ ወረርሽኝ አላዩም። አንድ ሰው ነው፣ ሁልጊዜ ያው ሰው። ይሄማ ለኛ አያቅተንም።

አሁን ወደ አተቱ ልመለስ፣ ምክንያቱም ኮሮና አለፈ ብላችሁ እንዳትተዉት። አተት ሰውን በሰዓታት ውስጥ ያደርቃል፣ ሽማግሌ ደግሞ ውሃ ጥሙ በደንብ አይሰማውም፣ «አልጠማኝም» ይላል። የጎረቤቴ እናት ኦአርኤሱን «ጨው ጨው ይላል» ብለው አልጠጣም ብለዋቸው ነበር፣ ልጅየው ብትጠየቅ ኖሮ በምን ዓይነት ብርጭቆ፣ በምን ዓይነት ቁጣ እንደሚጠጡ ትነግራቸው ነበር፣ ለሷማ እሺ ነው የሚሏት። ሌላው፣ ለቤተሰብ አለመንገር ቤተሰብንም ይገድላል። የኮሌራ ዓይነቱ ከተያዙ በኋላ ከሰዓታት እስከ አምስት ቀን ድረስ ቆይቶ ነው የሚወጣው፣ እሁድ መጥቶ ከናቱ ጋር ከአንድ ትሪ የበላ ሰው ሰኞ ካልተነገረው ሐሙስ ላይ ሽንት ቤት በሌለበት ገጠር፣ ከምንጭ በሚቀዳበት ቀበሌ ቤቱ ውስጥ ይወድቃል። ከዚያ «ከየት መጣ» እያላችሁ ቡድን ታሰማራላችሁ።

የምጠይቃችሁ ብዙ ገንዘብ የሚፈጅ ነገር አይደለም። ያንን «ጧሪ ቀባሪ የሌላቸው» የሚል ደብዳቤ ለመግቢያ ተቀበሉት፣ ግን ከሥሩ ሳታሳፍሩን «የሚጠይቃቸው ማነው?» በሉን። መጦር ያልቻለ ሁሉ አይጠይቅም ማለት አይደለም። ሁለት ስልክ ጻፉ። ስልክ ለሌለው የአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን፣ የእድሩ ዳኛ፣ ቅዳሜ ገበያ የሚያገኘው ባለሱቅ፣ ሰው በሰው የሚደርስበት አይጠፋም፣ ጎጃም ውስጥ ገበያ የማይደርስ ወሬ የለም። ከ2015 ነሐሴ በኋላ ዳታ ጠፍቶ ስንት ጊዜ እንደተቀመጥን ታውቃላችሁ፣ ስለዚህ የቴሌግራም ግሩፕ ከፍተናል ብላችሁ አትገላገሉን፣ ግሩፑ ጥሩ ነው ግን መንገድም ኔትወርክም የሚዘጋበት ቀን አለ።

እዚያው ፎርም ላይ አንድ ጥያቄ ጨምሩልኝ፣ ይሄንን ከሁሉም በላይ ነው የምለምነው፦ «ክፉ ነገር ቢደርስ መርዶው ለማን ይነገር?» «እህቴ ልብ ሕመምተኛ ናት ለሷ አትደውሉ፣ ለአጎቴ ልጅ ደውሉ፣ እሱ ሽማግሌ ይዞ ይሄዳል»፣ እንዲህ ብለን እናስመዘግባለን። የነፍስ አባታቸውም ስልክ አብሮ ይያዝ፣ ሙስሊም ከሆኑም ማን ገንዞ እንደሚሰግድባቸው። ሰው ሳይታመም ቀድሞ ሲጠየቅ ሟርት ይመስላል፣ አውቃለሁ፣ አንዳንዱ ይቆጣል፣ ይቆጣ። እኔ ብጠየቅ ኖሮ እቆጣ ነበር ግን እመልስ ነበር።

ደግሞ በሽታ ሲገባ አንድ ስሙ የታወቀ ሰው መድቡ፣ ነርስ መሆን የለበትም፣ ነርሷን ከሥራ አታስፈቷት። ስልክ ማንሳት የሚችል የጽሕፈት ሠራተኛ፣ ወይ በጎ ፈቃደኛ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ በየቀኑ በታወቀ ሰዓት፣ በሉ ከ10 እስከ 12 ሰዓት። የማያውቀውን «አላውቅም ጠይቄ ነገ እነግርዎታለሁ» ይበል፣ ነገ ግን ይንገር። «ሁሉም ደህና ናቸው» የሚለው ነገር ይቅርብን፣ ሁሉም ደህና የሆነበት ቤት የለም።

ለአረጋውያኑም ንገሯቸው። ብዙዎቹ ጆሯቸው ከብዷል፣ ማስክ ያደረገ ሰው ከበር ላይ ሆኖ ቢጮህ አይሰሙም፣ ከንፈር አይተው ነው ግማሹን የሚረዱት። ቁጭ ብላችሁ፣ በደህናው ጆሯቸው በኩል፣ ዝግ ብላችሁ፣ በስማቸው ጠርታችሁ። «እማሆይ፣ ውጭ በሽታ አለ፣ ልጅዎ በር ድረስ መጥቶ ነበር፣ እኛ ነን የከለከልነው» በሏቸው። ይቺን አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ። አክስቴ ይቺን ብትሰማ ኖሮ ስድስት ወር ሙሉ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ አትተኛም ነበር። አብሯቸው የተኛ ሰው ሲያርፍም ንገሯቸው፣ ሞትን ከኛ በላይ ያውቁታል፣ ስንቱን ቀብረው ነው እዚያ የደረሱት። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ትንሽ ያልቅሱለት፣ ለቅሶም እኮ ይከለከላል እንዴ ሰው።

አክስቴ ከኮሮናው ተርፋ እስከ 2014 ቆይታለች፣ በሩ ሲከፈት መጀመሪያ ቀን ስገባ አላቀፈችኝም፣ እጄን ይዛ ገለበጠችውና «ከሳህ» አለችኝ፣ ከዚያ «ደውለህ ነበር?» አለች። ደውዬ ነበር አልኳት። «ስንት ጊዜ?» ቁጥር አልነበረኝም። የቆየ ስልኬን አውጥቼ የደወልኩበትን ዝርዝር ወደ ታች እየገፋሁ አሳየኋት፣ ማንበብ አትችልም ግን ያው አንድ ስም ሲደጋገም በዓይኗ አየችው፣ ረጅም ጊዜ አየችው።

የጎረቤቴ እናት ያሉበት በር ላይ ያለው ወረቀት ይሄን ስጽፍ አሁንም እንደተለጠፈ ነው። ቅደዱት አላልኩም። ከማህተሙ በላይ ሁለት መስመር ቦታ አለ፣ ምን እንደገባና ለማን በስንት ሰዓት እንደሚደወል ጻፉበት።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የጎጃም ልጅ፣ ከባህር ዳር